የሊቀመንበሩ መከዳ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋውም እንዳይረሳ አድርጌዋለሁ። ይቅር በዪ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አዳምጬ ዓሣዬን መመዘን እቀጥላለሁ።

ሩፈይዳ እባላለሁ። ጅማ መርካቶ ውስጥ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ዓሣውን የማመጣው ከግድቡ ሐይቅ ዳር፣ ከአሰንዳቦ ወደ ውስጥ ገባ ካለችው ከቡርቃ ሶሌ ነው። ወንዶቹ መረብ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ ሆዱን ያጸዳሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ፊሌቶ ያወጣሉ፤ እኔ በረዶ በጫነ አይሱዙ መጥቼ መዝኜ እወስዳለሁ። ታናሽ እህቴ ሃጂራ ልታግዘኝ አብራኝ ስትመላለስ ነዚፍ የሚባል ቀዛፊ አየች፤ እሱም አያት፤ እዚያው ተዳረች። ነዚፍ የራሱ ጀልባ የለውም። የሚቀዝፈው ለጀልባ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለአብዱልሃዲ ነው።

ቡርቃ ሶሌን በሦስት በኩል ውሃ ከቧታል። ማዶ ያለው የጤና ጣቢያ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ከመንደሩ ያንጸባርቃል። በጀልባ ከሆነ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይደረሳል። በእግር ግን ውሃውን ዞሮ ግማሽ ቀን ነው፤ ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱን ጅረት ይቆርጠዋል። የቡርቃ ሶሌ ሴቶች የሚሄዱት በእግር ነበር። ሴት የወጣችበት ጀልባ ዓሣ አይዝም ይባላል። በተለይ ደም ያለባት ሴት ከነካችው ጀልባው ተገልብጦ ሳምንት ዳር ላይ ይሰነብታል፣ በግ ይታረዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውሃ የሚመለሰው። የአባቶች ሥርዓት ነው ይላሉ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

የአባቶች ይበሉ እንጂ ሐይቁ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ግድቡ ሲሞላ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልገባ ነበር። አባቶቻቸው ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ዓሣ ሲሸታቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ እንጂ መረብ የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ይህን አንድ ሁለቴ ተናግሬ ነበር። ነጋዴ ነሽ፣ ዓሣሽን ግዢ ተባልኩ። እኔም ዓሣዬን ገዛሁ።

ሃጂራ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት በስንት መከራ ነው የተረፈችው። ማዶ ያለችው አዋላጅ ነርስ ጽዮናዊት ያን ጊዜ አስጠንቅቃታለች፤ ቶሎ እንዳትደግሚ፣ ሰውነትሽ ይመለስ ብላ የሦስት ወር መርፌ አስጀመረቻት። ሃጂራም ልጇን አዝላ ውሃውን እየዞረች ትወጋ ነበር። ጽዮናዊት ራሷ፣ ልሻገርና እዚያው መንደራችሁ መጥቼ ልርዳችሁ ብላ ማኅበሩን ለምናለች። አንቺም ሴት ነሽ ተባለች። ከዚያ ክረምቱ ከበደ፣ ጅረቱ ሞላ፣ የሃጂራ ቀጠሮ አለፈ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲከፈት ነገሩ አልፎ ነበር፤ አርግዛለች።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ነዚፍ ደወለልኝ። ምጥ ጀምሯታል፣ ደሙ ግን ከልጁ ቀድሞ መጥቷል አለኝ። በቃሬዛ ዳር ድረስ አውርደዋታል፣ ጀልባዎቹ ሁሉ እዚያው ቆመዋል፣ አብዱልሃዲ ግን እንቢ ብሏል። ስልኩን ስጠው አልኩት።

ለመንኩት። ማንንም የማልለምን ሴት፣ መርካቶ መሀል ቆሜ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ እያየኝ ለመንኩት። በግ ሳይሆን በሬ አርዳለሁ አልኩት። ጀልባህን በእጄ አጥቤ እመልስልሃለሁ አልኩት።

«ሩፈይዳ እህቴ» አለኝ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ደም ነው። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። በመሬት ይውሰዷት፣ አላህ ያግዛቸዋል።»

በመሬት ወሰዷት። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ውሃው እስኪጎድል ቆመው ጠበቁ። ሃጂራ እዚያው፣ የጤና ጣቢያው ጣሪያ እየታያት ሞተች። ልጁም አብሯት ሄደ።

ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ወገቧ ላይ የታጠቀችው አረንጓዴ ሻርፕ ለኢድ የገዛሁላት ነበር፤ ደሙ ደርቆበት መሀሉ አረንጓዴነቱ ጠፍቷል። አሮጊቶቹ ቅበሪው አሉኝ። እሺ ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደያዝኩት ያን ቀን አላወቅኩም።

አብዱልሃዲ ለቅሶ መጣ። ከሰው ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዱዓ አደረገ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ነዚፍን አጽናና። ሊወጣ ሲል ግን በር ላይ ለቆሙት ወንዶች የተናገረውን ሰማሁት። ያን ቀን ልቤ ራርቶ ጀልባዬ ላይ ጭኛት ቢሆን ኖሮ የመንደሩ ሁሉ እንጀራ ይዘጋ ነበር አላቸው። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ነዚፍም ራሱን ነቀነቀ፤ የሚቀዝፈው የእሱን ጀልባ ነውና።

ያን ጊዜ ማልቀሴን አቆምኩ። ልገድለው አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ፤ የዓሣ ቢላዬም ስል ነው። ግን እሱን ብገድለው ሥርዓቱ ከእሱ ጋር አይሞትም፤ እንዲያውም ጀልባ ጠብቆ የሞተ ሰው ተብሎ ይዘከርለታል። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው። ሃጂራን በከንቱ እንደገደላት እንዲያውቅና ካወቀ በኋላ ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ፈለግኩ።

የመንደሩ ሽማግሌ አባቦራ ናቸው። ዛሬ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ከብት ያገዱ ሰው ናቸው፤ ጥርስ ባይቀራቸውም ነገር ይቀራቸዋል። ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። አንድ ጊዜ አብዱልሃዲ ሚስቱን ፈድሊያን ገበያ ሲያሻግር መረቡ ባዶ ወጣበት አሉኝ። ሰው ሲስቅበት ጊዜ አፈረ፤ ጥፋቱን በእሷ ላከከ። በሚቀጥለው ዓመት ሊቀመንበር ሆነ፣ ነገሩም ሥርዓት ሆነ። እና ለምን ዝም አሉ ስላቸው በከዘራቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ።

ጅማ ተመለስኩ። ሰማያዊ ሸራ ገዛሁ፣ ጥሩ ስፖንጅ ገዛሁ፣ ወፍራም ክርና የጆንያ መስፊያ ወስፌ ገዛሁ። ቤቴን ዘግቼ መከዳ ሰፋሁ። የሃጂራን ሻርፕ አጥፌ በስፖንጁ መሀል አስገባሁት፣ ዙሪያውን እጥፍ ድርብ አድርጌ ጠበቅኩት። ስሰፋ ቢስሚላህ አላልኩም። የእህቴን ስም ነው የጠራሁት።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ቀንሶ ጀልባዎቹ በደንብ መውጣት ሲጀምሩ፣ መከዳውን ይዤ ወረድኩ። በሰው ፊት ሰጠሁት። ሊቀመንበር በደረቅ ጣውላ መቀመጥ የለበትም አልኩት። በመሃላችን የነበረው ነገር አልፏል፣ ንግድ ንግድ ነው አልኩት። ደስ አለው። ሽቅርቅር ነገር ይወዳል፤ ሸራው ደግሞ አዲስ ነበር። በአንድ እጁ ጫን ጫን አድርጎ ልስላሴውን አየና፣ ጀልባው ቀዘፋ ላይ ሳለ እሱ ከሚቀመጥበት ከኋለኛው ጣውላ ላይ አሰረው። ተቀመጠበት። እኔም ተመችቶሃል ወይ አልኩት፤ በጣም አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት ግን ለማንም አልመኘውም። የአብዱልሃዲ መረብ ባዶ ወጣ። በነጋታውም ባዶ። የሌሎቹ ጀልባዎች ትንሽ ትንሽ ይዘው ሲመለሱ የእሱ እፍኝ የማይሞላ ያመጣል። ስልክ ደውዬ ምን ያህል አላችሁ እያልኩ ደጋግሜ እጠይቅ ነበር። ለካ እኔም ውስጤ ጥግ ላይ ደሙ ዓሣ ያርቃል ብዬ አምን ኖሯል። ዓሣው ባይመጣስ እላለሁ። እሱ መከዳውን ፈትቶ ቢያገኘው፣ ይኸው አላልኳችሁም ቢል፣ የእህቴ ደም ለዘላለም እርጉም ሆኖ ይቀራል። ቡርቃ ሶሌ ውስጥ ከዚያ በኋላ የምትወልድ ሴት ሁሉ በእኔ ምክንያት በእግሯ ትሄዳለች። ሃጂራን ሁለተኛ የምገድላት እኔ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ውሃው ጠራ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ጎርፉ ያመጣው ደለል እስኪወርድ ዓሣው ጥልቅ ውስጥ ሸሽቶ ነበር፤ አብዱልሃዲ ደግሞ ሁልጊዜ ጎርፉ የሚገባበት አፍ ላይ ነው መረብ የሚጥለው። ደለሉ ሲወርድ ዓሣው መጀመሪያ የተመለሰው ወደዚያው ነው። መረቡ ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ ጢም አለ። መረቡን ለመጎተት ነዚፍ ብቻውን አልበቃ አለ። ቡና ለቀማ ደርሶ በመንገዴ ያለው የሰርቦም የአሰንዳቦም ከተማ ሰው ኪሱ ሞልቶ ነበር፤ ያመጣሁት ሁሉ በረዶው ሳይቀልጥ ያልቃል። ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያሉ ምግብ ቤቶች ከአብዱልሃዲ ጀልባ ካልሆነ ማለት ጀመሩ፤ እንዲህ እንዲሉ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ።

አብዱልሃዲም አበጠ። እኔም ነፋሁት። በየሄድኩበት የቡርቃ ሶሌ አንደኛ እሱ ነው እላለሁ፣ ሲሰማ እላለሁ፣ ሳይሰማም እንዲደርሰው እላለሁ። ምስጢርህ ምንድነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ አላህ ነው ይል ነበር። ቀስ በቀስ አላህ ነው፣ ደግሞም ጀልባዬን ስለጠበቅኩ ነው ማለት ጀመረ። በመጨረሻ አላህን ማስቀደሙንም ተወው። ያቺ ቀን ልቤን ስላጠነከርኩ ነው የተካስኩት ይላል፤ ያቺ ቀን ማለት ሃጂራ የሞተችበት ናት። እኔ ፊት ይለዋል። ነዚፍ ፊት ይለዋል። እኔም እውነትህን ነው እያልኩ ዓሣውን እመዝናለሁ፤ ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ደም የሚለኝ ጊዜ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል የማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ሰሞን የጅማ ክርስቲያን ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያለ ይከራከራል፤ እስኪጨርስ ግን ይበላል፤ ስለዚህ ለመንደሩ ትልቁ ገበያ ነው። ስብሰባው ዳር ላይ ካለው ሾላ ሥር ነበር። ሴቶቹ ትንሽ ፈንጠር ብለው ዓሣ ያጸዳሉ፣ ጆሯቸው ግን እኛ ጋ ነው። ጽዮናዊትም መጥታለች፤ የመርፌ ሣጥኗን በትከሻዋ ይዛ ውሃውን በእግሯ ዞራ። ጫማዋ በጭቃ ተሸፍኗል። ያንኑ የድሮ ጥያቄዋን ነው ይዛ የመጣችው። በሳምንት አንድ ቀን አሻግሩኝ፤ ወይም ሴቶቹን አሻግሩልኝ፤ ምጥ የያዛትን ደግሞ በማንኛውም ቀን። ክረምት ሳይገባ መልስ ስጡኝ አለች። ሃጂራን በስሟ ጠራቻት። ሌላ ማንም ስሟን አልጠራም።

አብዱልሃዲ ተነሣ። ለነርሷ አክብሮት አለን አለ። ግን ዘንድሮ ያያችሁትን አይታችኋል አለ። ጀልባዬ ምን እንደያዘ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ፤ ደም ነክቶት ቢሆን ይህ በረካ ከየት ይመጣ ነበር አለ። ወንዶቹ አጉረመረሙ፣ እውነት ነው እያሉ። ጽዮናዊት አንገቷን ደፋች።

እኔ ሚዛኑ አጠገብ ነበርኩ። ቢላዬን በጨርቅ ጠርጌ ወደ መሀል ገባሁ።

«አብዱልሃዲ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህና ለነርሷ መልስ ይሁናት። ከጥቅምት ወዲህ ጀልባህን የሴት ደም አልነካውም?»

«አልነካውም።»

«ይህ ሁሉ ዓሣ የመጣልህ ስላልነካው ነው?»

«ነው አልኩሽ እኮ።»

«ማልልኝ።»

አባቦራ ከዘራቸውን አንሥተው የማታውቀውን አትማል አሉት። እሱ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ዓይነት ሰው ነው።

«ወላሂ» አለ። «ወላሂ ደም አልነካውም። ወላሂ ደም ቢነካው አንዲት ዓሣ አትገባም ነበር።»

ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ ነበር። ሄጄ መከዳውን ከጣውላው ቆርጬ አመጣሁትና እግሩ ሥር አስቀመጥኩት። የዓሣ ሆድ እንደምቀድ አድርጌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደድኩት። ሻርፑን አውጥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁት። ጫፉ ላይ አረንጓዴው ገና ይታይ ነበር፤ መሀሉ ጥቁር ነው።

መጀመሪያ ያወቀው ነዚፍ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ሻርፑን ጎትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ስሟን እየጠራ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

«ይህ የሃጂራ ደም ነው» አልኩ። «ከጥቅምት ጀምሮ ተቀምጠህበታል። በየቀኑ፣ ደሟ ላይ ተቀምጠህ ነው መረብህን የሞላኸው። ያን ቀን ብታሻግራት ኖሮ እሷም ትተርፍ ነበር፣ ዓሣህም ይመጣ ነበር። በከንቱ ነው የሞተችው። በከንቱ።»

ለመናገር ጊዜ ሰጠሁት። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ፤ ወደ ኋላ ዞሮ የልብሱን መቀመጫ በእጁ አበሰ፣ እዚያ እርጥብ ነገር እንዳለ ሁሉ። ደግሞ አበሰ። አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ ይላል በለሆሳስ። ከወንዶቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የገባው ነገር ደስታ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ደስታ ነበር። ጣፋጭ ነበር።

አባቦራ ተነሡ። በከዘራቸው ውሃውን አሳዩ።

«የእኔ አባት ከብቶች እዚያ ነበር የሚውሉት» አሉ። «እዚያ ታች። ስለ ጀልባ አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። የአባቶች ስትሉ ዝም አልኳችሁ፤ ይህቺ ልጅ እዚያ ጅረት ላይ ስታልቅም ዝም አልኩ። አሁን በቃኝ።» ከዚያ ወደ አብዱልሃዲ ዞሩ። «ምለሃል። መሐላህ ፈርሷል። የመሐላህን ካሳ በበግ አትከፍልም፤ በጀልባህ ሴቶቹን እያሻገርክ ትከፍላለህ።»

ሁሉም አብዱልሃዲን እያዩ ነበር፣ እሱ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ፈድሊያ ተነሣች። የአብዱልሃዲ ሚስት፣ የዚህ ሁሉ ሥርዓት መነሻ የሆነችው። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ በሰው መሀል አልፋ ጀልባው ላይ ወጣችና እሱ ከሚቀመጥበት ጣውላ ላይ ቁጭ አለች።

«አንተ አብዱልሃዲ» አለችው፣ «እኔም መርፌዬ ካለፈ ቆይቷል። ያን ቀን ገበያ ስታሻግረኝ ዓሣው ያልመጣው በእኔ አልነበረም። ና ቅዘፍ።»

ሌሎቹም ሴቶች ቢላቸውን እያስቀመጡ ተነሡ። ጽዮናዊት ሣጥኗን አንሥታ ተከተለች። ጀልባው እስኪሞላ ድረስ አብዱልሃዲ ቆሞ ቀረ። ነዚፍ መቅዘፊያውን አነሣና እኔ ልቅዘፍ አለ። አይሆንም አልኩ። እሱ ይቅዘፍ። አባቦራም ኤዬ፣ አዎ፣ እሱ ይቅዘፍ አሉ። ገባ። ሚስቱ ቦታውን አልለቀቀችለትም፤ ከፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ቀዘፈ። እኔ ዳር ቆሜ ጀልባው ማዶ እስኪደርስ አየሁት። አንድ ሻይ ተጠጥቶ አላለቀም። ያን ጊዜ ነው እንደገና ማልቀስ የቻልኩት።

ሻርፑን ሃጂራ አጠገብ ቀበርኩት። መከዳውን ሰፍቼ መለስኩት፤ አሁን ነፍሰ ጡሮቹ ናቸው የሚቀመጡበት። ሌሎቹ ጀልባዎችም ምጥ የያዛትን ሴት እንቢ አይሉም፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጅረት ላይ የሞተች የለችም። አብዱልሃዲ ሊቀመንበርነቱ ቢቀርበትም አሁንም ያጠምዳል፣ አሁንም ለእኔ ነው የሚሸጠው። ሌላ ገዢ ቢፈልግ ጅማ ውስጥ እንደማያገኝ ያውቃል። ጽዮናዊት አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ ሩፈይዳ፣ አሁንስ አይበቃውም አለችኝ። ያንቺ ሥራ መርፌ መውጋት ነው፣ የእኔም እንደዚያው ነው አልኳት።

ዓሣውን ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት እጠይቀዋለሁ። ዛሬ ሴት አሻግረሃል እለዋለሁ። አሻግሬያለሁ ይላል። ዓሣስ እለዋለሁ። መጣ ይላል፣ ከንፈሩ ሳይከፈት።

አልሰማሁም እለዋለሁ። ይደግመዋል።